በጥላሸት የተሸፈነው ብየዳ

«እኔ ያልጠገንኩት ዕቃ የለም፤ ካለም ገና አልተበላሸም ማለት ነው!»

እንዲህ የምትል አንዲት ልጅ ነበረች። በሹክሹክታ እንዳይመስላችሁ! አጥር ላይ ተንጠልጥላ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ነው የምትለው። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከኋላ ያላችሁትም ወሬያችሁን ለትንሽ ጊዜ አስቀምጡት፤ ይቺ ልጅ እናንተን ትመስላለች።

ስሟን ልንገራችሁ? እውነተኛውን አልነግራችሁም፤ ብትሰማ ታሳድደኛለች። አንጓች እንበላት።

አንጓች ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እጇ አያርፍም። የተሰበረ ነገር ስታይ ዓይኗ ይበራል፤ ሌላው ሰው ድፎ ዳቦ ሲያይ እንደሚሆነው ማለት ነው። የጎረቤታቸውን የአቶ ሙጬን ሬዲዮ ጠግናለች። እርግጥ ሬዲዮው ከዚያ ወዲህ የሚያወራው ጎኑን ሲመቱት ብቻ ነው። የእናቷን ሣጥን ቁልፍ ጠግናለች። እርግጥ አሁን ሣጥኑን ማንም ሰው በሚስማር ይከፍተዋል። እሷ ታዲያ «ጠገንኩ» የሚለውን ትናገራለች፣ «እርግጥ» የሚለውን ትውጠዋለች። እናንተስ? ሁለቱንም ትናገራላችሁ? እስቲ እርስ በርስ ተያዩ።

አባቷ አቶ ደርበው ዝምተኛ ሰው ናቸው። ስለ ከብት ብትጠይቋቸው ሁለት ቃል፣ ስለ ዝናብ ብትጠይቋቸው አንድ ቃል ነው መልሳቸው። ስለ ልጃቸው ከጠየቃችኋቸው ግን ምሳችሁን ይዛችሁ ኑ። «ኢንጂነሬ» ነው የሚሏት። ገበያ ሄደው ለሰው ሁሉ ልብስና ጫማ ቢገዙ፣ ለእሷ የሚያመጡላት ፒንሳ ነው።

እናቷ ይቆጣሉ። «ይቺን ልጅ ማን ሊያገባት ነው እንዲህ ስታደርጋት? በያጅ?»

«በያጅ ቢያገባት ምን አለበት?» ይላሉ አቶ ደርበው። «ቤቷ በር አያጣም።»

እንዲህ ነው የሚዋደዱት። ይህን ያዙልኝ።

አቶ ደርበው አንድ አሮጌ ጠመንጃ አላቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠምጥሟል። በእነሱ አገር ጠመንጃ ለጌጥ አይያዝም። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ከገደሉ ከርከሮ ይወጣል፤ አንድ ሌሊት ካገኘ የአንድ ቤት የዓመት ቀለብ አርሶ ይሄዳል። ስለዚህ በማሽላ ወራት በየሐሙሱ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። ጠመንጃ ያላቸው አባቶች ከፊት ይሄዳሉ፣ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጋድም አድርገው። ልጆች ቆርቆሮ እየደበደቡ፣ እየጮኹ፣ እየተሳሳቁ ከኋላ ይከተላሉ። ልብ አላችሁ? ጠመንጃው ትከሻ ላይ ነው፤ አፈሙዙ ወደ ኋላ ነው። ልጆቹም ከኋላ ናቸው።

እንግዲህ በጠመንጃው ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥርስ አለች። የጣት ጥፍር ታክላለች። ጥይቱን የሚመታው ቃታ ወደ ኋላ ሲሳብ ይዛ ታስቀምጠዋለች፤ ጣት የሚያርፍበት ምላጩ እስኪነካ ድረስ አትለቅም። ሥራዋ ያ ብቻ ነው፤ መያዝ። ማንም አያያትም፣ ማንም አያመሰግናትም። እሷ ከያዘች ሰው ሁሉ በሰላም ውሎ ይገባል።

ያቺ ጥርስ በእርጅና ጎበጠችና ቃታውን አልይዝ አለች። ማክሰኞ ጠዋት አቶ ደርበው ፈቷት፣ በጨርቅ ጠቀለሏት፣ መደብ ላይ አስቀመጧት።

«ነገ ከወንዝ ማዶ ጋሽ ፈንቴ ዘንድ እንወስዳታለን» አሉ። ጋሽ ፈንቴ የአገሩ ባለ እጅ ናቸው፤ ማጭድ የሚሠሩ፣ ማረሻ የሚያቀኑ፣ የጠመንጃ ሆድ የሚያውቁ።

አንጓች ጨርቁን ገልጣ አየች። «ለዚህች ነው ወንዝ የምንሻገረው? አባዬ፣ እኔ እኮ በአንድ ሰዓት አቀናልሃለሁ!»

«ተይ ኢንጂነሬ። ይቺ የሙጬ ሬዲዮ አይደለችም።»

«ብረት ብረት ነው።»

«ተይ አልኩሽ» አሉና ግንባሯን ስመው ገበያ ሄዱ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አባት «ተይ» ብሎ ግንባር ስሞ ሲሄድ፣ እኛ የምንሰማው የትኛውን ነው? «ተይ» የሚለውን ነው ወይስ መሳሙን? አንጓች መሳሙን ብቻ ሰማች። የአባቷ እግር ከአጥሩ እንዳለፈ ምድጃው ላይ ከሰል ቆለለች።

ማራገቢያ ይዛ አራገበች። የጠመንጃው ጥርስ ቀላች። አንጓች በፒንሳ ይዛ አቀናቻት፤ ብረቷም እንደ ሰም እሺ አለች። አንጓች ሳቀች። «ለዚህ ነው እንዴ ጋሽ ፈንቴ ፊታቸውን የሚያከብዱት?» አለች ለራሷ። ከዚያ ባለ እጆች ሲያደርጉ እንዳየችው ውሃ ውስጥ ጨመረቻት። ጢስ አለች። ወጥታ ስትታይ ቀጥ ብላለች፣ ታምራለች።

ልትገጥማት ስትል ግን ትንሽ፣ እንዲያው ትንሽ፣ አልሆን አለች። አንጓች በፒንሳ ጫን አደረገቻት።

ቀጭ!

ሁለት ቦታ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አውቃለሁ፣ አሁን እዚህ ቁጭ ብላችሁ «ለአባቴ እነግረዋለሁ» ትላላችሁ። ተቀምጦ ሲያወሩት ሁሉም ጻድቅ ነው።

የአንጓች ታላቅ ወንድም የበርና የመስኮት መበየጃ ግን ግቢው ውስጥ ነበረ። ወንድሟ ሌላ ቀበሌ በር ሊገጥም ሄዷል። ጥቁር መነጽሩን አደረገች። ሁለቱን ስባሪ ገጠመች። ብልጭ! ብልጭ! አንዷ ብልጭታ ዘልላ ቀሚሷን በሳችው። ብረቷ ግን ተጣበቀች። በሞረድ ሞረደቻት፣ አለሰለሰቻት። አንድ ችግር ብቻ ቀረ፤ ብየዳው እንደ ጠባሳ ያበራል።

ምን አደረገች መሰላችሁ? ከብረት ምጣዱ ቂጥ ጥላሸት ፋቀች፣ በዘይት ለወሰች፣ ቀባቻት። ጠባሳው ጠፋ። አዲስ መሰለች። ከአዲስም አዲስ!

እናቷ ከውጭ ገቡ። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ምንም።»

«ቀሚስሽንስ ምን በላው?»

«አይጥ ነው መሰለኝ እማዬ።»

እናቷ ቀዳዳውን አገላብጠው አዩት፤ ዳር ዳሩ ተቃጥሏል። «የዘንድሮ አይጥ እሳት ትተነፍሳለች እንዴ?» አሉና አንገታቸውን እየነቀነቁ ወደ ጓዳ አለፉ። እናቶች ሁሉን ያውቃሉ፤ የማያውቁት መቼ እንደምንናገር ብቻ ነው።

አመሻሹ ላይ አቶ ደርበው መጡ። አንጓች የጠመንጃውን ጥርስ ገጥማ፣ ጠመንጃውንም ወልውላ ጠበቀቻቸው። አቶ ደርበው መቆጣት ነበረባቸው። ሊቆጡም አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን ባዶውን ቃታ ሳቡ፤ ያዘ። ምላጩን ነኩ፤ ለቀቀ። ደግመው ሳቡ፤ ያዘ።

«አቀናሻት?»

«አቀናኋት።»

ውሸት ነው? አይደለም። አቅንታታለች። «ከዚያስ ምን ሆነች?» ብሎ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም። አያችሁ? አንዲት ቃል ሳትዋሹ እስከ አንገታችሁ ውሸት ውስጥ መግባት ትችላላችሁ።

የአቶ ደርበው ቁጣ እንደ ጤዛ ጠፋ። ወደ አጥሩ ሄዱና፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ «ሙጬ! ኧረ ሙጬ! ና እየው የልጄን ሥራ!» ብለው ተጣሩ። አቶ ሙጬ መጡ። የአቶ ሙጬ ሚስት መጡ። ከማዶ ያሉትም መጡ። አንጓች መሀል ቆማ እንደ ሙሽራ ተሽኮረመመች። ያን ቀን ከእሷ በላይ ደስተኛ ልጅ በአገሩ አልነበረችም።

ረቡዕ ጠዋት ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጥይት የለውም። አንጓች ብቻዋን ናት፤ ሥራዋን ደግማ ልታደንቅ አወረደችው። ቃታውን ሳበች፤ ያዘ። ሰደፉን መሬት ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ያዘ። አንስታ እንደገና አስቀመጠችው። ያዘ። ሦስተኛ ጊዜ አስቀመጠችው።

ቀጭ።

ምላጩን ማንም አልነካም። ቃታው በራሱ ወረደ።

ልቧ አብሮ ወረደ። «አሳስቶኝ ነው» አለች። ደገመችው። አንዴ ያዘ። ሁለቴ ያዘ። በሦስተኛው ለቀቀ።

ነገ ሐሙስ ነው። ነገ አባቷ ይህን ጠመንጃ ጥይት አጉርሰው፣ ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በድንጋይ መንገድ ይወርዳሉ። ድንጋይ ያደናቅፋል። ሰው ዘልሎ ቦይ ይሻገራል። ሰደፍ ግንድ ይመታል። ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ናቸው።

ልትነግራቸው ሄደች። እውነቴን ነው፣ ሄደች! አባቷ ግቢው ውስጥ ከሁለት ሰዎች ጋር ቆመው፣ «በአንድ ሰዓት ነው እኮ የጨረሰችው! ማን አስተማራት? ማንም!» እያሉ ነበር። አንጓች ተመለሰች። ቆይታ ደግሞ ሄደች። አሁን ብቻቸውን ናቸው፤ ግን ገና ሲያዩዋት «ነይ እስቲ እጅሽን ልየው» ብለው መዳፏን ይዘው ሳሙት። ስለ ሳሙት እጅ እንዴት «ይህ እጅ ሰብሯታል» ትበላቸው? ተመለሰች።

ከዚያ ወዴት ሄደች መሰላችሁ? ወደ ቤተ ክርስቲያን! እሰይ አላችሁ? ቆዩ፣ አትቸኩሉ። ጸሎቷን ስሙት መጀመሪያ። ደጀ ሰላሙን ተሳለመችና እንዲህ አለች፦

«ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ያቺን ብረት ያዝልኝ። ለነገ ብቻ። ከያዝክልኝ ሁለት ጧፍ አገባለሁ። አይ፣ ሦስት።»

ሰማችሁ? መልአኩን በያጅ አደረገችው! «አፌን ክፈትልኝ» አላለችም። «ድፍረት ስጠኝ» አላለችም። «እኔ ሳልናገር አንተ ያዝልኝ» ነው ያለችው። ስለት ነው የተሳለችው ወይስ ጉቦ ነው የሰጠችው? እናንተ ፍረዱ።

ጸልያ ስትመለስ ሰላም አገኘች? አላገኘችም። ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ማታም አልበላችም።

ሐሙስ ጠዋት ሰው ሁሉ ከመንደሩ በታች ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ልጆች ቆርቆሯቸውን እየሞከሩ ጆሮ ያደነቁራሉ። አቶ ደርበው ጠመንጃውን ይዘው ወረዱ። አንጓች ከቤት አልወጣችም፤ ምሰሶ አቅፋ ቆማለች። የአባቷ ድምፅ ከታች ይሰማታል።

«ደርበው!» አሉ አቶ ሙጬ። «ያቺ መሣሪያ ጥርሷ እንደገና ወልቆ እንዳይሆን!»

«ምን ወልቆ! ልጄ እኮ ናት የጠገነቻት። እንደ ዛሬ ተማምኜባት አላውቅም።»

«ተማምኜባት አላውቅም» የሚለውን ቃል ሰማች። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰው ሲሰድባችሁ መቆም ቀላል ነው። ሲያምናችሁ መቆም ነው ጭንቁ። አንጓች ምሰሶውን ለቀቀች። ነጠላዋን ጣለች። በባዶ ራሷ፣ በተበሳ ቀሚሷ፣ ቁልቁለቱን እየዘለለች ወረደች።

«አባዬ! ጥይት እንዳታጎርሰው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ቆርቆሮው ዝም አለ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ነገር ብትናገር ይበቃት ነበር። «ቤት ተመለስ፣ እማዬ ትፈልግሃለች» ልትል ትችላለች። ሁላችንም እንዲህ ዓይነት ነገር እናውቃለን። ግን ቃሉ አንዴ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበርና ወጣ።

«ተሰብራለች። ሰብሬያት ነው። በየድኳትና ጥላሸት ቀባኋት። አትይዝም አባዬ። ሁለቴ ትይዛለች፣ በሦስተኛው ትለቃለች።»

አቶ ሙጬ ሳቁ። «ፈርታ ነው! ትናንትና ኢንጂነር፣ ዛሬ አልቃሽ!»

አቶ ደርበው አልሳቁም። አስቀድመው አጉርሰውት የነበረውን ጥይት አወጡ። ባዶ መሆኑን ደግመው አዩ። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገው ቃታውን ሳቡ፣ ሰደፉን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ።

ያዘ።

«አላልኩም?» አሉ አቶ ሙጬ።

ሁለተኛ ጠቅ አደረጉ። ያዘ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንጓች በዚያች ሰዓት ምን እንደተመኘች ታውቃላችሁ? ግማሽ ልቧ «በያዘና ከውርደት በዳንኩ» ይላል። ግማሽ ልቧ «በለቀቀና አባቴ በዳነ» ይላል። ልብ እንዲህ ለሁለት ሲሰበር ደግሞ በምን ይበየዳል?

ሦስተኛ ጠቅ አደረጉ።

ቀጭ።

 አቶ ደርበው ቀና ብለው ልጆቹን አዩ። አንድ በአንድ አዩዋቸው፣ እንደሚቆጥር ሰው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልጆቹ ከኋላ ናቸው። እኔም እኮ ከደርበው አጠገብ ነበር የምሄደው» አሉ አቶ ሙጬ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ቀልድ አልወጣቸውም።

አንጓች ጥፊ ጠበቀች። ጥፊ ቢመጣ ደስ ይላት ነበር፤ ጥፊ ያልቃልና። አቶ ደርበው ግን ተነሡ፣ ባዶውን ጠመንጃ በአንድ እጃቸው ያዙ፣ በሌላው እጃቸው ያንን የሳሙትን እጅ ያዙ።

«ነይ» አሉ። «ወንዝ እንሻገር።»

ጋሽ ፈንቴ ዳሳቸው ሥር ተቀምጠው ማጭድ ይቀጠቅጣሉ። የተበየደችውን ጥርስ ተቀበሉ። በጥፍራቸው ጫር አደረጓት፤ ጥላሸቱ ለቀቀ።

«ይህን ኩል ማን ኳላት?»

«እኔ ነኝ» አለች አንጓች።

«ብየዳውንስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስብራቱንስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

ጋሽ ፈንቴ ወደ አቶ ደርበው ዞሩ። «እናንተ ቤት ሌላ ሰው የለም እንዴ?»

አንጓች እያለቀሰችም አፏ አያርፍምና፣ «ብየዳው ግን ያምር ነበር፣ አይደለም ጋሽ ፈንቴ?» አለች።

«በጣም ያምራል። ሬሳም ሲገነዝ ያምራል» አሉ ጋሽ ፈንቴ፤ ብረቷንም ወደ ቁርጥራጭ ክምሩ ወረወሯት።

ከዚያ አስረዷት። ሰው እንዲህ ረጋ ብሎ ሲያስረዳ ማድመጥ ጥሩ ነው። «ስሚ ልጄ። ብረት ከእሳት ሲወጣ ለሁሉም እሺ ይላል። ከውሃ ሲወጣ ለሁሉም እምቢ ይላል። እሺ ብቻ የሚል አይይዝም፤ እምቢ ብቻ የሚል ይሰበራል። የኔ ሥራ ከሁለቱ መሀል ማቆም ነው። እሱ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። አንቺ የቸኮልሽው ለብረቱ አልነበረም፤ ለምስጋናው ነው።»

በጋሽ ፈንቴ ዳስ አንድ ሕግ አለ፤ ያበላሸ ሰው ወናፍ ይነፋል። ዕቃ ሰብሮ አስቀምጦ መሄድ የለም። ቁጭ ብሎ፣ አዲሱ እስኪሠራ ድረስ፣ እሳቱን ያነዳል። ወናፉ ደግሞ ሁለት የቆዳ ከረጢት ነው፤ አንዱ ሲነሣ አንዱ ይወርዳል፣ ለቀኝ አንድ፣ ለግራ አንድ። ለለመደ ሰው ቀላል ነው። ላልለመደ ትከሻ ይገነጥላል። አንጓች ተቀመጠች፤ ገና ጥቂት ሳትነፋ ክንዷ ተንቀጠቀጠ፣ እሳቱም ያንቀላፋ ጀመር።

ይህን ጊዜ አቶ ደርበው ጋቢያቸውን አወለቁ። መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና አንደኛውን ከረጢት ከእጇ ወሰዱ።

«ደርበው፣ ሕጉን ታውቃለህ» አሉ ጋሽ ፈንቴ። «ያበላሸ ነው የሚነፋው።»

«እኔም አበላሽቻለሁ» አሉ አቶ ደርበው። «ሳላይ አሞግሻለሁ።»

እንዲህ ሆነ። አንዱን አባት፣ አንዱን ልጅ። ሲነሣ ሲወርድ፣ ሲነሣ ሲወርድ። መጀመሪያ እጃቸው አልገጠመም፤ እሷ ትቸኩላለች፣ እሳቸው ይዘገያሉ። ቆይቶ ገጠመ። እሳቱ ነጣ። ጋሽ ፈንቴ አዲስ ጥርስ ሲሠሩ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ሲጨርሱ ገጥመው ሞከሩት። ሦስቴ አይደለም፤ ሠላሳ ጊዜ ጠቅ አደረጉት። ያዘ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አዎ፣ ወደ እናንተ። የማንን ጠመንጃ የማንን ጥርስ ነው ስነግራችሁ የዋልኩት?

አንቺ ከእህትሽ ጋር የተጣላሽው፣ በበዓሉ ቀን ጉንጯን ስመሽ «ታርቀናል» ያልሽው፣ ታርቃችኋል ወይስ ጥላሸት ቀብተሽዋል? አንተ የፈተና ወረቀትህ ላይ አራትን ዘጠኝ ያደረግኸው፣ አባትህ ለጎረቤት ሲያሳዩት አላየህም? እኛ ሁላችን እሑድ እሑድ ነጭ ለብሰን የምንመጣው፣ ከነጩ ሥር ስንት ብየዳ አለ?

«እስካሁን ምንም አልሆነም» ትላላችሁ። እኮ! አንዴ ይይዛል። ሁለቴም ይይዛል። የሚያታልለን እኮ መልቀቁ አይደለም፤ ሁለቴ መያዙ ነው። ሁለቴ ስለያዘ ትከሻችን ላይ አጋድመን እንወጣለን። ከኋላችን ማን እንዳለ ግን ዞር ብለን አናይም። ከእናንተ ስብራት በስተኋላ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚመጣው ማን ነው? የምትወዷት እናታችሁ ናት? ጓደኛችሁ ነው?

ጸሎታችንንስ እንየው። ስንቶቻችን ነን ጧፍ ይዘን የምንሄደው፣ ይዘን መሄድ የሚገባን የተከፈተ አፍ ሆኖ ሳለ? «እግዚአብሔር ሆይ፣ እንዳይታወቅብኝ» የሚል ጸሎት ጸልያችሁ አታውቁም? እኔ አውቃለሁ፣ ታውቁታላችሁ፤ ፈገግታችሁ ተናገረ። እግዚአብሔር የእኛን ስብራት ሸፋኝ አይደለም። ሊሸፍነው አይፈልግም፤ አዲስ ሊሠራው ነው የሚፈልገው።

የምትፈሩት ምንድን ነው? አባት ይጠላኛል ብላችሁ ነው? አቶ ደርበው ጠሏት? የእኛ አባት ደግሞ ከአቶ ደርበው ያንሳል? ሂዱና ንገሩት። ለእሱ ንገሩ፣ ለበደላችሁትም ሰው ንገሩ። ቅጣት የለውም አላልኳችሁም፤ ወናፉ ይጠብቃችኋል፣ ትከሻችሁም ይታመማል። ግን ቀና ብላችሁ ስታዩ ጋቢውን አውልቆ፣ አንዱን ከረጢት ይዞ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠ ታገኛላችሁ። ሐሙስ ሳይደርስ ሂዱ። ረቡዕ ላይ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ሂዱ።

አንዲት ነገር ብቻ ልጨምርና ልቀመጥ፤ ምክንያቱም አውቃችኋለሁ፣ ተናዝዛችሁ ስትመለሱ ደረታችሁን ነፍታችሁ ነው የምትመለሱት።

ያን ዕለት አባትና ልጅ ወንዙን ተሻግረው ወደ ቤት እየወጡ ነው። የአንጓች እንባ ደርቋል፣ ክንዷ ዝሏል፣ ልቧ ግን ቀልሏል። ልቧ ሲቀልል ደግሞ ምላሷ ይመለሳል። ትንሽ እንደሄዱ እንዲህ አለች፦

«ግን አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ መናገሬ አልገረመህም? ሌላ ልጅ ብትሆን እኮ አትናገርም ነበር።»

አቶ ደርበው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሌላ ልጅ ብትሆን አትሰብራትም ነበር።»